ጎመኑን ተዉት፣ ቱቦውን ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በወንዝ ውሃ የሚለማው የአቃቂ ጎመን ክሮሚየም አለበት ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ደግሞ የምፈልገውን ሰው አጣሁ። ጎመኑ አለ፣ ተካዩ አለ፣ ጉልት ተቀምጣ የምትሸጠው እናት አለች፤ ሁሉም «ኃላፊነት የጎደላቸው» ተብለዋል። መርዙን ወንዙ ውስጥ የለቀቀው ግን የለም። ክሮሚየሙ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስላል!

አቃቂ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎመን ተካይ የሚያውቀው ፍግ ነው። ክሮሚየም ቆዳ ማልፊያ ነው፤ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ከተደረደሩት ፋብሪካዎች እንጂ ከጎመን ማሳ አይመጣም። ክረምት ላይ ዶፍ ሲጥል ጠብቀው ይለቁታል፤ ጎርፉ ይሸፍንላቸዋል። ጠዋት ስንነሳ ወንዙ አንድ ቀን አተላ፣ ሌላ ቀን የሳሙና አረፋ መስሎ እናገኘዋለን። እናንተ ግን ጎመን ሻጯን ያዛችሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ጸሐፊው ቅጠሉን በኮምጣጤ ዘፍዝፈን እንድናጥብም መክረውናል። እግዜር ይስጥልን! ኮምጣጤ ላዩ ላይ ያለውን ጀርም ይቀንስ ይሆናል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን እንኳን ኮምጣጤ እሳትም አያስለቅቀውም። መላው የፋብሪካው ቱቦ ላይ ነው።

«ለምን ፋብሪካ አጠገብ ሰፈሩ?» የሚሉም አይጠፉም። በዚህ ወንዝ ከብት ሲያጠጡ የኖሩት ገበሬዎች ከየትኛው ፋብሪካ በኋላ መጡ? «የሥራ ዕድሉስ?» ለሚሉት ደግሞ፣ ማጣሪያ መትከል ሰው ያስቀጥራል እንጂ አያስባርርም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው «ምን አገባህ?» ሳይባል በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ መልስ በ30 ቀን ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኛም የሰፈር ሰዎች ፊርማ አሰባስበን አመለከትን። ከብዙ ምልልስ በኋላ ባለሙያ ተላከ። ናሙና የወሰደው ከየት መሰላችሁ? ከጎመኑ!

በግንቦት 2011 የሸገርን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር እራት ተበልቷል። አልቃወምም፤ በወንዙ ላይኛው ዳር ያለውን መናፈሻ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፣ ያምራል። ግን ወንዝ አበባ የተተከለበት ቦታ ላይ አያበቃም። ቁልቁል ይወርዳል፤ እኛም እዚያው ቁልቁል ነን።

ውሃን ካነሳሁ አይቀር ስለ ቧንቧውም ልናገር። የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ የእኔ ቤት ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ይረሳናል። ንጹሑ ከእኛ ወደ ላይ ይወጣል፣ እድፉ ከላይ ወደ እኛ ይወርዳል። ውሃ ሽቅብ አይሄድም ያለው ማን ነበር?

ለሚቀጥለው እትም ጋዜጠኛችሁን ላኩልኝ። ከጎመኑ ማሳ ተነስተን ወንዙን ሽቅብ እየተከተልን እስከ ቱቦው አፍ አደርሰዋለሁ። ቦቲ ጫማ አድርጎ ይምጣ።

የአቃቂ ነዋሪ