ጥሩ ትምህርት ቤት የቱ ነው?

 

ክረምት ሲመጣ ወላጆቻችን ይደውሉልናል፦ «ታናሽህን የት እናስገባው?» ብዙ ጊዜ የሚያነሱልን ሕንፃውን፣ ዩኒፎርሙን፣ የልጆቹን እንግሊዝኛና ካርድ ላይ የሚጻፈውን ደረጃ ነው። አንፈርድባቸውም፤ ከበር ላይ ሆኖ የሚታየው ይኸው ነው።

ግን ካርድ ምን ያህል እንደሚያታልል አይተናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያም ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ካርድ ይሰጥ፣ አንደኛ የወጣ ይጨበጨብለት ነበር።

መድረሳ የቀራን ልጆች ሌላ መለኪያ እናውቃለን። ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ፊቱ አስቀምጦ ያዳምጣል። ሐርፉን ያልለየ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ የትናንቱን ያላሰማ አዲስ ደርስ አይሰጠውም። አባት «ልጄ እንዴት ነው?» ሲል መልሱ «ጎበዝ ነው» ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ሱራ ላይ ደርሷል፣ እዚህ ጋ ይሳሳታል» ይባላል። መድረሳ ጉድለት የለበትም አንልም፤ ትርጉሙን ሳያውቁ መሸምደድም አለንጋም አለ። ልጁ የቆመበትን ማወቅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሦስት ነገር ይጠይቁ እንላለን። የልጁ ደብተር ይታረማል ወይ? ያልገባውን መልሶ የሚያስረዳው ማን ነው? መምህሩ ልጁ የሚቸገርበትን ለይቶ መናገር ይችላል ወይ? በተጨናነቀ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ ከባድ ነው፤ ውድ ክፍያም ቢሆን ዋስትና አይሆንም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ለወንዱ ውድ ትምህርት ቤት ይከፈልና እህቱ «ቅርብ ያለው ይበቃታል» ትባላለች። ለስም የሚወጣው ብር የእሷም ሐቅ አለበት።

ወላጆቻችን ብዙዎቹ ደብተር ከፍተው ማየት ያልተመቻቸው ናቸው፤ እኛ ግን እንችላለን። ለእረፍት ስንገባ የወንድሞቻችንንም የእህቶቻችንንም ደብተር እኩል እንክፈት፤ ለምዝገባ ከወላጆቻችን ጋር ሄደን እነዚህን ጥያቄዎች በአደብ እንጠይቅ።

አላህ ለታናናሾቻችን ጠቃሚ ዒልም ይስጣቸው። ኣሚን።