ፓስቴል ይጠይቃል፣ ሰዓሊው ይመልሳል

ሥዕል የሚማር ሰው እጁ ትንሽ ሲፈታ «የራሴን ስልት እንዴት ላግኝ?» እያለ መጨነቅ ይጀምራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። አንዱ አንድ ታዋቂ ሰዓሊ የሚያዘወትረውን ቀለም ይዋሳል፣ ሌላው ማንም ያልነካውን ርእሰ ጉዳይ ያድናል። በለስላሳ ፓስቴል ስማቸውን ያስጠሩ ሰዎች ሥራ የሚያሳየን ሌላ መንገድ ነው። ስልታቸው የተወለደው ፓስቴል ራሱ ለሚያነሣቸው ጥቂት ጥያቄዎች ደጋግመው ከሰጡት መልስ ነው።

ጥያቄዎቹ የሚመነጩት ከፓስቴል ባሕርይ ነው። ፓስቴል የቀለም ዱቄት ከጠመኔና ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በጣት መጠን ተድቦልቡሎ የሚደርቅ ነገር ነው። ሙጫው ጥቂት የሆነው ቀለሙ ወረቀት ሲነካ በቀላሉ እንዲራገፍ ነው። እንደ ዘይት ቀለም አስቀድሞ ገበታ ላይ አይቀላቀልም፤ ሰዓሊው የሚፈልገውን ቀለም ከሳጥኑ ይመርጣል፣ ካላገኘው አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። ብናኙን ይዞ የሚያቆየው ደግሞ የወረቀቱ ሻካራነት ስለሆነ፣ ሻካራው ሲሞላ ወረቀቱ ተጨማሪ ቀለም አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ፓስቴል የጨበጠ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ጭረቱን በጣቴ ላሽሸው ወይስ እንዳለ ልተወው? ወረቀቱ ሲጠግብስ ምን አደርጋለሁ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ተቃራኒ መልሶች ተሰጥተዋል። የጄኔቫው ተወላጅ ዣን-ኤቲየን ሊዮታር በ1740ዎቹ በብራና ላይ የሣላት፣ ዛሬ በድሬስደን የምትገኘው ቸኮሌት አቅራቢ ሴት ላይ ጭረት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የጨርቁ እጥፋት፣ ብርጭቆው፣ በውስጡ ያለው ውሃ ሁሉም እንደ መስተዋት የለሰለሱ ናቸው። ሊዮታር ይህን ያደረገው በእምነት ነበር፤ በ1781 ባሳተመው የሥዕል መመሪያ፣ ተፈጥሮ ላይ የማይታይ ጭረት ሥዕል ላይም መታየት የለበትም ብሎ ተከራክሯል። በዚያው ዘመን የኖረው ሞሪስ ካንታን ደ ላ ቱር ግን ለምስሎቹ መነሻ ይሆኑት ዘንድ የሣላቸው የፊት ጥናቶች በጭረት የተሞሉ ናቸው። በትውልድ ከተማው በሳን-ካንታን ተጠብቀው የሚገኙት እነዚህ ፊቶች ሊናገሩ አፋቸውን የከፈቱ ይመስላሉ። ሁለቱም የሠሩት በአንድ ዓይነት ቁስ፣ ለተመሳሳይ ባለጸጋ ደንበኞች ነው። የለያያቸው ለአንድ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው።

ነገር ግን ቁሱ ብቻውን ስልት አይሰጥም። ለዚህ ዣን-ሲሜዮን ሻርዳን ጥሩ ምስክር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወጥ ቤት ዕቃና ፍራፍሬ በዘይት ቀለም ሲሥል ኖሮ፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ዓይኑ ስለታመመ ወደ ፓስቴል ዞረ። በ1771 መነጽር አድርጎ፣ በ1775 ደግሞ የዓይን መከለያ አድርጎ የሣላቸው የራሱ ምስሎች ሉቭር ይገኛሉ። ፊቱ ላይ የተለያዩ ቀለሞች ሳይታሹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከርቀት ሲታዩ ግን አንድ ቆዳ ይሆናሉ። ፓስቴሉ አዲስ ነው፤ ተራውን ነገር ሳያስጌጥ በትዕግሥት የሚመዝነው ዓይን ግን ማሰሮና ኮክ የሣለው የቀድሞው ዓይን ነው። ቁሱ ይጠይቃል እንጂ መልሱ የሚመጣው ሰዓሊው ሲያይ ከኖረው ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ የላቀውን መልስ የሰጠው ኤድጋር ደጋ ይመስለኛል። ወረቀቱ ሲጠግብ ሌሎች ያቆማሉ፤ እሱ ግን ቀለም የሚያጸና ፈሳሽ እየነፋ፣ በደረቀው ላይ እንደገና ይሥል ነበር። ከሥር ያለው ቀለም ከላይ ባለው ጭረት መካከል ብቅ የሚለው፣ የገላ ታጣቢ ሴቶቹ ጀርባ በአረንጓዴና በብርቱካናማ የሚንቀለቀለው በዚህ መደራረብ ነው። አንዱን የሰውነት አቋቋም በስስ ወረቀት እያነሣ ደጋግሞም ይሥለው ነበር።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፦ መደጋገም ሰዓሊን የልማድ እስረኛ አያደርገውም? ያደርገዋል፤ ጥያቄውን ሳይሰማ የሚመልስ ከሆነ። ደጋ አቋቋሙን ያጸናው ቀለሙን ለመለወጥ ነፃነት እንዲኖረው ነው። አንዱ ነገር ባለበት ሲቆም በሌላው ላይ የሚደረገው ውሳኔ ጎልቶ ይታያል።

ተጽዕኖን መፍራትም እንዲሁ ከንቱ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ካሳት ፓሪስ ውስጥ የደጋን ፓስቴሎች በሱቅ መስኮት አይታ ተማርካለች፤ በኋላም ወዳጁ ሆናለች። ደፋር ጭረቱን ከእሱ ብትማርም፣ በእናትና ልጅ ሥዕሎቿ ፊትና ገላን አለስልሳ፣ ልብስና ዳራን ለጭረት ለቀቀች። የት መታሸት እንዳለበትና የት እንደሌለበት የወሰነችው ራሷ ናት።

እንግዲህ ስልት ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው ምርጫውን ማጥበብ ነው። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ጥቂት ቀለም፣ አንድ ርእሰ ጉዳይ ይዞ ደጋግሞ ይሥል፤ ከዚያ ሥራዎቹን ደርድሮ የት እንዳሸ፣ የት እንደተወ፣ የት ላይ እንዳቆመ ይመርምር። ሳያስበው የደጋገመውን ውሳኔ ሲያገኝ፣ ሊያጸናው ወይም ሊጥለው ይችላል። የተዋሰው ቀለም ሲያልቅ ያልቃል፤ መርምሮ ያጸናው ውሳኔ ግን ሳጥኑን ቢለውጥም አብሮት ይሄዳል።