መብራቱ በበራ ቁጥር ሴንሰር አይቀየርም

የአባይን በረሃ በቤንዚን መኪና ያቋረጠ ሰው ይህን ድምፅ ሳያውቀው አይቀርም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ ሁሉም ደህና ነው። ድልድዩ ታልፎ ወደ ደጀን ዳገቱ ሲጀመር፣ መኪናው ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ ሹፌሩም ማርሽ ሳይቀንስ ቤንዚኑን ረግጦ ሲይዝ፣ ከኮፈኑ ሥር ሳንቲም የገባበት ጣሳ የሚናጥ ይመስል ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ይነሳል። ማርሽ ሲቀነስ ወይም እግር ላላ ሲል ይጠፋል። አዲስ አበባ ተመልሶ ጋራዥ ሲታይ ግን መካኒኩ ቢያዳምጥ ቢያዳምጥ አንዳች አይሰማም፤ «መኪናህ ምንም የለውም» ብሎ ይሸኛል።

ምክንያቱ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ስስ ከሆነ ፒስተኑ ሲጨምቀው የሚፈጠረው ግፊትም የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። በረሃው ታች ሲደረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደናል፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ያቃጥላል፣ ከፊት ደግሞ ረጅም ዳገት አለ። ለሞተር ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። አሜሪካ ውስጥ በሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ግዛቶች ኦክቴኑ 85 የሆነ ቤንዚን በማደያ የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፍታው ስለሚከላከል ዝቅ ያለው ቤንዚን ይበቃል ተብሎ ነው። የደጋ መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ያ ከለላ አብሮት አይወርድም።

ድምፁ ከየት ይመጣል? በጤነኛ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑና አየሩ አይፈነዱም፤ ይነድዳሉ። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው ካንዴላው ብልጭ ያደርጋል፤ እሳቱ ከዚያ ተነስቶ ወደ ግድግዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ ግፊቱም ፒስተኑን በልኩ ወደ ታች ይገፋዋል። ችግሩ ያለው እሳቱ ገና ባልደረሰበት ጥግ ነው። እዚያ የቀረው ድብልቅ ከወዲያ በኩል እየተጨመቀና እየጋለ ሄዶ ከመጠን ሲያልፍ፣ እሳቱ እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ራሱን በራሱ በአንዴ ያቀጣጥላል። የተፈጠረው የግፊት ማዕበል ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። የምንሰማው ይህንን መላተም ነው፤ ማንኳኳት ወይም ኖክ ይባላል። አልፎ አልፎ ለአፍታ ብቻ ከሆነ ሞተር ይችለዋል። እየደጋገመ ከሄደ ግን የፒስተኑን አናት ይቦረቡራል፣ ሪንጎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል።

ድሮ ይህን የሚቆጣጠረው የመካኒኩ ጆሮና እጅ ነበር። የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነውን ስፒንትሮጀን ላላ አድርጎ፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ አዙሮ፣ መኪናውን ነድቶ ሰምቶ ያስረዋል። ከነዳጁ በኩል ደግሞ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። እርሳሱ ማንኳኳቱን ይከላከል እንጂ የሰውን አእምሮ በተለይም የሕፃናትን ይጎዳ ነበርና ዓለም ቀስ በቀስ ተወው፤ በመኪና ቤንዚን ውስጥ መጠቀሟን በመጨረሻ ያቆመችው አገር አልጄሪያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021።

በዚህ መሃል ነው ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው ኖክ ሴንሰር የመጣው። ቢዩክ እ.ኤ.አ. በ1978 ቱርቦ በገጠመለት ቪ6 ሞተር ላይ አስገባው፤ ሳዓብም ብዙ ሳይቆይ በቱርቦ መኪኖቹ ላይ ተከተለ። ዛሬ መንገዳችን ላይ ያሉት ቪትዞችና ያሪሶች፣ አዳዲሶቹ ኮሮላዎችም ሁሉ አላቸው። አሠራሩ ቀላል ሆኖ ድንቅ ነው። በሞተሩ ብሎክ ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ክብ ነገር ነው። ውስጡ የሴራሚክ ቀለበት አለ፤ በላዩ ከበድ ያለ የብረት ቀለበት ተጭኖበታል። ብሎኩ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ሴራሚኩን ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፤ ሴራሚኩም በተጫነው ልክ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን የአንዳንድ ቁሶች ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒዬር ኩሪ ናቸው። ሴንሰሩ ለሥራው ከባትሪ ኤሌክትሪክ አይጠብቅም፤ ምልክቱን ራሱ ያመነጫል።

ሞተር ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ግን ብዙ ነው። ቫልቭ ይከፈታል ይዘጋል፣ ሰንሰለት ይሽከረከራል። የሞተሩ ኮምፒውተር ማንኳኳቱን ከዚህ ሁሉ ጫጫታ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድግግሞሹ ነው፤ በተለመደው የመኪና ሲሊንደር ውስጥ የግፊቱ ማዕበል በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሺህ ጊዜ ገደማ ይመላለሳል፣ ሲሊንደሩ በጠበበ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ማንኳኳት የሚመጣው ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መመለስ ሲጀምር ስለሆነ ኮምፒውተሩ የሚያዳምጠው ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭታ አለ፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ለይቶ ይሰማል፣ የትኛው ሲሊንደር እንዳንኳኳም ያውቃል። ከሰማ ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ያዘገያል። ሲረጋጋ በትንሽ በትንሹ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሹፌሩ ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም።

እንግዲህ የዳሽቦርዱ መብራት ሲበራና ስካነር ሲሰካ አንዳንዴ ፒ0325 ወይም ፒ0327 የሚል ኮድ ይወጣል። ቅሬታዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ የሚናገረው ከኖክ ሴንሰር መስመር የሚመጣው ምልክት ትክክል አይደለም ብሎ ነው። መስመሩ ደግሞ ሴንሰሩን፣ ሁለቱን ሽቦዎች፣ ሶኬቱን፣ ማሰሪያውን ብሎንና ኮምፒውተሩን ሁሉ ያጠቃልላል። በየጋራዡ ግን ኮዱ ሲነበብ «ሴንሰሩ ሞቷል» ይባልና ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል።

ሠፈራችን ያለ አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር በዚህ መንገድ ሁለት ሴንሰር ቀይሯል። መብራቱ ግን እየጠፋ ይመለሳል፤ መኪናው ጉልበት አጥቷል፣ ቤንዚንም ይበላል። በመጨረሻ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄደ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ሁለቴ ቀየርኩት እኮ» አላቸው።

«ልጄ፣ ሴንሰሩ ምን በደለ? ሽቦውን ማን አየው?» አሉት።

ሶኬቱን ነቅለው ወደ ብርሃን አዞሩት። አንደኛው ፒን ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል፤ ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ላስቲክም ተሰንጥቋል። ልጁ ሞተሩን በየጊዜው በግፊት ውሃ ያሳጥብ ነበር። ሴንሰሩ የሚልከው ምልክት እጅግ ትንሽ ስለሆነ እንዲህ ያለው ዝገት ያስቀረዋል፤ ለአምፖል ቢሆን ምናልባት ያልፍ ነበር። ፒኑ ተጠርጎ፣ ሶኬቱ ተቀይሮ፣ ሽቦው እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ተለክቶ ችግሩ አበቃ። ሞተር በግፊት ውሃ ማሳጠብን ብንተወው ብዙ ወጪ ይቀርልናል ብዬ አምናለሁ። መኪናው ለብዙ ጊዜ ሲቆም ሽቦ የሚበላ አይጥም የዚያኑ ያህል ጥፋት ያደርሳል።

ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋው ዓይነት በተገጠመላቸው ብዙ ቶዮታዎች፣ ሶኬቱ ተነቅሎ በሁለቱ ፒኖች መካከል በቴስተር ሲለካ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ120 እስከ 280 ኪሎ ኦም ማንበብ አለበት። ከዚህ ከወጣ፣ ወይም ጭራሽ መስመሩ ከተቋረጠ፣ ይቀየር። የፕላስቲክ አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም የራሱ ፒን ከተበላ ይቀየር። ሲፈታ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀም ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ማመን ያስቸግራል። ከዚህ ውጭ በኪሎ ሜትር የሚቀየርበት ጊዜ የለውም፤ እንደ ዘይት ፊልትሮ በየጊዜው የሚለወጥ ዕቃ አይደለም፤ ሳይነካ የሞተሩን ዕድሜ የሚጨርስ ብዙ ነው። ብሎኩን በመፍቻ እየመቱ ኮምፒውተሩ ሰማ አልሰማ ማለት በድሮዎቹ መኪኖች ላይ ያስኬድ ነበር፤ በአዲሶቹ ላይ ግን የሚያዳምጡት በተወሰነ ቅጽበት ብቻ ስለሆነ አሳሳች ነው።

ኮድ ሳይኖር ሞተሩ በእርግጥ የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ ሴንሰር መቀየር በሽታውን ትቶ ሌላ ማከም ነው። መጀመሪያ ነዳጁ ይጠየቅ። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ በየመንገዱ በጄሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ቀጥሎ ራዲያተሩ ይታይ፤ የሚሞቅ ሞተር ያንኳኳል። ሲሊንደር ውስጥ የተከማቸ ካርቦን፣ ለሞተሩ የማይሆን ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ እነዚህም አሉ። የላላ ብራኬትና ያለቀ የቢኤላ ኩሽኔታ ደግሞ ሴንሰሩን ያሳስቱታል፤ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት መስሎት ብልጭታውን ያዘገያል፣ መኪናው ይደክማል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ሁለት ነገር ላይ እንጠንቀቅ። የቀድሞው በራሱ ጥርስ የሚጠብቀው ዓይነት ሴንሰር ለተወሰነ ድግግሞሽ የተቃኘ ነው፤ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ላይ «ቅርጹ አንድ ነው» ተብሎ ከሌላ ሞተር የወጣ ቢገጠም ገጥሞ ላይሰማ ይችላል። በሞተሩ መለያ የተገዛ ኦሪጅናል ይሻላል። ሁለተኛው ብሎኑ ነው። ጠፍጣፋው ዓይነት በአብዛኛው 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚጠብቀው፤ ላላ ካለ አይሰማም፣ ከመጠን ካለፈ ሴራሚኩ ይጨነቃል። መቀመጫው ከዝገትና ከዘይት መጥራት አለበት፣ ሮንዴላም በመሃል አይገባም። በክንድ ግምት ሳይሆን በቶርክ ሬንች ይሠራ። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች ሴንሰሩ ያለው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ በታች ስለሆነ ከዕቃው ይልቅ የእጅ ዋጋው ሊበልጥ ይችላል፤ ስህተቱ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ። መብራቱን ለማጥፋት በሴንሰሩ ፋንታ ሬዚስታንስ መሰካት፣ ወይም ሴንሰሩን ከብሎኩ አንስቶ ሌላ ቦታ ማሰር አለ፤ መኪና ሊሸጥ ሲል በተለይ። ሴንሰሩ የሞተ መሆኑን ያወቀ ኮምፒውተር ብልጭታውን አዘግይቶ ሞተሩን ይጠብቃል፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል እንጂ ፒስተኑ ይተርፋል። የተታለለ ኮምፒውተር ግን ሁሉ ደህና መስሎት ብልጭታውን አያዘገይም። ገዢው መጀመሪያ አዳማ ወይም አፋር የወረደ ዕለት ፒስተኑ ይከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመት አብረውን የሚኖሩ ናቸው። በግምት እየፈቱ መግጠም የሚቻልበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ ከጋራዦች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ኖክ ሴንሰር ይቀየር ከማለታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ አሳዩን፣ ከቴስተሩ ያነበባችሁትን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ጻፉልን፣ አሮጌውንም ዕቃ መልሱልን።