የማሽን ማንቂያ ሪሌዎች አወቃቀር፦ ከደሴ እስከ ሐርቡ

በማሽን ጥበቃ ሥርዓት ውስጥ ብዙው ገንዘብ የሚወጣው ለሴንሰሩና ለመቆጣጠሪያ ፓኔሉ ነው፤ ማሽኑን በተግባር የሚያስቆመው ግን አነስተኛው ሪሌ ነው። የሪሌ አወቃቀር በርክክብ ዋዜማ በጥድፊያ የሚጠናቀቅ ሥራ ሳይሆን በፋብሪካው መሐንዲስ ተጽፎ፣ ተፈርሞና በየጊዜው ተፈትኖ ሊያዝ የሚገባው ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ወቅታዊ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱም። የጠፋ ሞተር በሌላ ሞተር ይተካል። የጠፋ የማንቂያ ወሰን መዝገብን የሚተካ ግን ሻጭ የለም፤ አዲስ ፓኔል የሚመጣው የአምራቹን ወሰን ይዞ ነውና።

ሙቀትን እንውሰድ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ የምትገኝ ደጋ ስትሆን፣ ሐርቡ ከኮምቦልቻም ዝቅ ብላ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። የኩሽኔታ ማንቂያ በሁለቱም ቦታ 85 ዲግሪ ላይ ተወሰነ እንበል። አየሩ 15 ዲግሪ በሆነበት የደሴ ማለዳ፣ ኩሽኔታው በ70 ዲግሪ እስኪግል ድረስ ሪሌው ዝም ይላል፤ አየሩ 33 ዲግሪ በሆነበት የሐርቡ ቀትር ግን በ52 ዲግሪ ጭማሪ ይጮኻል። አንደኛው ዘግይቶ ይናገራል፣ ሁለተኛው ያሰለቻል። ስለዚህ ማንቂያው ከአካባቢው አየር በላይ ባለው ጭማሪ ቢለካ ይሻላል። የማቆሚያው ወሰን ግን ቋሚ ይሁን፤ ግራሶ የሚቃጠልበት ሙቀት በደጋና በቆላ አይለያይም።

ንዝረትም እንዲሁ ነው። በኋላ በአይሶ 20816-3 የተተካው አይሶ 10816-3 ማንቂያው ከማሽኑ የራሱ መነሻ ንባብ በላይ፣ የቀጠና ቢን የላይኛ ወሰን ሩብ ያህል ተጨምሮ እንዲቀመጥ ይመክራል። ከ15 እስከ 300 ኪሎዋት ኃይል ላለውና በጽኑ መሠረት ላይ ለተተከለ ማሽን ይህ ወሰን በሰከንድ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። መነሻው 1.6 ከሆነ ማንቂያው 2.3 ላይ ይቆማል። መነሻ ንባብ ያልተወሰደለት ማሽን እንግዲህ የራሱ ማንቂያ የለውም ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ሪሌው በጤናማ ጊዜ ኃይል ያግኝ ወይስ አያግኝ የሚለው ነው። ኃይል የሚያገኝ ከሆነ ሽቦ ሲበጠስ ወይም የፓኔሉ ኃይል ሲጠፋ ራሱ ያጋልጣል። ካልሆነ የተበጠሰው ሽቦ የሚታወቀው ማሽኑ ሊሰባበር ሲል፣ ማለትም ሳይረዳ ሲቀር ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ባለሙያዎች ሁለተኛውን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሐሰት መቆም መስመሩን ያናጋል፣ ምርት ያበላሻል። ነገር ግን በሽታው የኃይል አቅርቦቱ ነው፤ መድኃኒቱም ለጥበቃ ፓኔሉ የራሱን ባትሪ መስጠት እንጂ ሪሌውን ማደንቆር አይደለም። ሪሌውን በቁራጭ ሽቦ ማለፍማ ለጊዜው ውለታ ቢመስልም ጥበቃውን ከነአካቴው ያስቀረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሴንሰሮች አብረው ካልመሰከሩ ማሽኑ አይቁም የሚለው ደንብ የሐሰት መቆምን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አንዱ ሴንሰር ከሞተና ሥርዓቱ ሞቱን እንደ ምስክርነት ካልቆጠረው፣ ሌላኛው ብቻውን ቢጮኽም የሚሰማው የለም። ይህ ሁሉ በማዋቀሪያው ሶፍትዌር ላይ አንዲት ምልክት የማድረግና ያለማድረግ ጉዳይ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የማሽኖችን መነሻ ንባብ ለመመዝገብ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ይበቃል፤ ወሰኑ፣ የመዘግየቱ ሰከንድ፣ ሪሌው በእጅ እስኪመለስ መያዝ አለመያዙ፣ የሴንሰሮቹ ስምምነት ደንብ፣ የፈተናው ቀንና የፈራሚው ስም ይስፈርበት። አንዱ ቅጂ በፓኔሉ በር ውስጥ ይለጠፍ፣ ሌላው ከፋብሪካው ግቢ ውጭ ይቀመጥ።