«ከግሉተን ነፃ» የሚል ፓኬት ከያዮ ጓዳ አይበልጥም

የፈላ ውሃ ተጨምሮበት በጥቂት ደቂቃ የሚደርስ የኑድል ሾርባ ዛሬ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጃፓናዊው ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። በአገራችንም ከአንድ የንግድ ምልክት ስም ተነስተን ሁሉንም «ኢንዶሚ» እያልን እንጠራዋለን። ይህ በብዛት የምናውቀው ዓይነት የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት ነው። ከሩዝ የሚሠራው የቬትናም ኑድል ደግሞ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ታትሞበት ይሸጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ሲመጣ፣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው «ይሄ ለጤና የተሻለ ነው» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። እውነት የተሻለ ነውን?

መልሱ የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ ይወሰናል። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በአገራችን ብዙም በማይታወቀው ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሊጡ እንዲለጠጥና ዳቦው እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ መከላከያ በራሱ ትንሹ አንጀት ላይ ይነሳል፤ ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ሽፋንም ይጎዳል። በዓለም ደረጃ ሕመሙ በአማካይ ከመቶ ሰዎች አንዱን እንደሚያጠቃ ይገመታል።

የሕመሙን መንስኤ ለይተው ካሳወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዊለም ዲከ የተባሉ ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት፣ በአገራቸው ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ሕፃናት እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አስተዋሉ። ዛሬም ለሕመሙ ዋናው ሕክምና ይኸው ነው፤ ግሉተን ያለበትን ምግብ እስከ ሕይወት ፍጻሜ መተው።

ምልክቶቹ ለረጅም ጊዜ የሚመላለስ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የዕድገት መቀጨጭ ናቸው። እነዚሁ ምልክቶች ግን በጃርዲያ፣ በአንጀት ትላትልና በምግብ እጥረትም ይመጣሉ። ስለዚህ ልጅዎ ሆዱ ስለተነፋ ብቻ «ግሉተን ነው» ብለው አይደምድሙ። ያዮ ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሪፈር መቱ ወደሚገኘው ሆስፒታል መሄድ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ፤ ከምርመራ በፊት ስንዴን አያቁሙ። ግሉተን ካቆሙ በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራም ሆነ ከአንጀት የሚወሰድ ናሙና ሕመሙን ላያሳይ ይችላል።

ሕመሙ በምርመራ የተረጋገጠበት ሰውስ? በእኔ እምነት ውድ የውጭ ፓኬት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልገውም። የኢሉ አባቦር ጓዳ ቀድሞውኑ የሞላ ነው። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ጎደሬ፣ አንጮቴ፣ ቆጮ፤ አንዳቸውም ግሉተን የላቸውም። ጤፍም እንደዚሁ ነው፤ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ በታወቀ የሕክምና መጽሔት አስነብበዋል። እኛ በየዕለቱ የምንቆርሰውን ጤፍ ፈረንጆቹ ለሴሊያክ ሕሙማን ብለው በውድ ዋጋ ይገዙታል።

ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። የገበያ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ጤፍም ቢሆን ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው ከተፈጨ ይነካካል። በሶና ቂንጬ፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ፣ ቢራም የተከለከሉ ናቸው። ሶያ ሶስ በአብዛኛው ስንዴ አለበት። የኑድሉ ክር ከሩዝ ቢሆን እንኳ አብሮት ያለው የቅመም ከረጢት ስንዴ ሊኖርበት ስለሚችል ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ሴሊያክ የሌለበት ሰው ግን በፓኬቱ ላይ መፈለግ ያለበት ግሉተንን ሳይሆን ጨውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ፓኬቱ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ብሎ ስለሆነ ቁጥሩን በ2.5 ያባዙት። 1,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት 2.5 ግራም ጨው፣ የቀኑ ግማሽ ማለት ነው። ወጡ፣ ዳቦውና ሚጥሚጣው ገና አልተቆጠሩም። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ጨው የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።

ታዲያ አትብሉ ማለቴ አይደለም። ፎ የተባለው የቬትናም ሾርባ በአገሩ ከፓኬት የሚወጣ ምግብ አይደለም፤ የበሬ አጥንት ከዝንጅብል፣ ከሽንኩርትና ከቀረፋ ጋር ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ በሩዝ ክር ላይ ፈስሶ፣ ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ተነስንሶበትና ሎሚ ተጨምቆበት የሚቀርብ ነው። ይህን ያዮ ላይ መሥራት አያቅትም። አጥንቱን በዝንጅብልና በሽንኩርት ይቀቅሉ፤ ከጫካ የመጣ ኮረሪማ ጣል ያድርጉበት። የሩዝ ክር ካለዎት በእሱ፣ ከሌለዎት በተቀቀለ ሩዝ ወይም በጎደሬ ያቅርቡት። ጎመን፣ እንቁላል፣ ቃሪያና ሎሚ ይጨምሩ። የግድ ፓኬቱን የሚጠቀሙ ከሆነም ከቅመሙ ከረጢት ግማሹን ብቻ ይጨምሩ። ለሕፃናት ግን ኑድል ብቻውን ምሳ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ጨውና ቅባቱ ብዙ ነውና።

ያዮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ የቡና ጫካ ያላት አካባቢ ናት። እንዲህ ባለ ምድር የሚኖር ቤተሰብ በቆሎና ጎደሬውን ሸጦ የታሸገ ሾርባ ለልጁ ቢገዛ፣ ጓዳው የሚያጣው ከሚያገኘው ይበልጣል። ሕመም ከተጠረጠረ ሐኪም ይጠየቅ፤ ፓኬት ከተገዛ ጨዉ ይታይ፤ ከሁሉ በፊት ግን ቤት ያለው ይበላ።