ከ29 ጎል በኋላ፦ የአቡበከር ናስር ጉዞ እና የደጋፊው ተስፋ

በወገዳ፣ በነፋስ መውጫ እና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ቅዳሜና እሑድ በእግር ኳስ ማሳያ ቤቶች ደጅ የሚነሳ ክርክር አንድ ጥያቄ አያጣም። «የእኛ ልጅ በትልቅ ክለብ የሚታየው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በ2013 ዓ.ም. መልስ ያገኘ መስሎ ነበር። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 29 ጎሎችን አስቆጥሮ በአንድ የውድድር ዓመት ብዙ ጎል የማስቆጠርን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዕድሜው ገና 21 ነበር።

የቁጥሩን ትልቅነት ለመረዳት የዚያን ዓመት ውድድር ማስታወስ ያስፈልጋል። በሊጉ የተሳተፉት 13 ክለቦች ሲኾኑ እያንዳንዱ ክለብ ያደረገው 24 ጨዋታ ብቻ ነበር። ይህም ማለት ወጣቱ አጥቂ በአማካይ በየጨዋታው ከአንድ ጎል በላይ አስቆጥሯል ማለት ነው። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ኾኖ አጠናቀቀ። ሊጉ በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት መታየት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ የአቡበከርን ጎሎች ያየው አዲስ አበባ ስታዲየም መግባት የለመደው ደጋፊ ብቻ አልነበረም፤ ከዋና ከተማዋ ርቀው በሚገኙ ከተሞች ያለው ተመልካችም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተጫዋቹን ማስፈረሙ ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ሰንዳውንስ በአፍሪካ ሀብታም ከሚባሉት ክለቦች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን አንስቷል። የሀገሩን ሊግም በተከታታይ ዓመታት በበላይነት ሲያሸንፍ ቆይቷል። ዝውውሩ የተሰማው ደግሞ ኢትዮጵያ ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ካሜሩን ላይ በተጫወተችበት ዓመት ነበር። ስሜቱ የሞቀው ደጋፊ ከአቡበከር የጠበቀው በአዲስ ክለብ ቦታ ማግኘትን ብቻ አልነበረም። ብዙዎች 29 ጎሉን ይዞት የሚሄድ፣ ፕሪቶሪያ ላይም የሚደግመው መስሏቸው ነበር።

ተስፋው ከተጫዋቹ ችሎታ የመነጨ በመኾኑ ከንቱ አልነበረም። የተዛባው መለኪያው ነው። በኢትዮጵያ ቡና አሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ የገነቡት ቡድን ኳስ መሥርቶ የሚጫወት ነበር፤ የማጥቃቱ መዳረሻም አቡበከር ነበር። ሰንዳውንስ ግን ለአንድ አጥቂ ተብሎ የተሠራ ቡድን አይደለም። ወጣቱ ሲደርስ በክለቡ የናሚቢያው ፒተር ሻሉሊሌ ነበር። ሻሉሊሌ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት በደቡብ አፍሪካ ሊግ 23 ጎሎችን አስቆጥሮ ያጠናቀቀ አጥቂ ነው። በአንድ ክለብ የመጀመሪያው ተመራጭ የነበረ ተጫዋች በሌላ ክለብ ተራውን የሚጠብቅ ይኾናል። ይህ የችሎታ መቀነስ ሳይኾን የትልቅ ክለብ የዘወትር አሠራር ነው።

አቡበከር በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ ሜዳ ገባ፤ ጎሎችንም አስቆጠረ። ሰንዳውንስም በዚያ ዓመት የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ይሁን እንጂ በሀገር ቤት ይጠየቅ የነበረው «ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ምን ተማረ?» የሚል አልነበረም። «ለምን አልተሰለፈም? ለምን አላገባም?» የሚል ነበር። ከዚያም ጉዳት መጣ። ተጫዋቹ በደረሰበት ከባድ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። የጎል ቁጥር ብቻ ይቆጥር የነበረው ደጋፊ የሚቆጥረው ሲያጣ ዝም አለ። ወጣቱ ከሕዝብ ድጋፍ በጣም የሚፈልገው ግን ያን ጊዜ ነበር።

ከእርሱ በፊት ከሀገር የወጡ ተጫዋቾች ጉዞም ትምህርት ይኾናል። ሳላዲን ሰኢድ በግብፅ መጀመሪያ ለዋዲ ደግላ ተጫውቶ ነው በኋላ የአፍሪካ ታላቅ ክለብ ወደኾነው አል አህሊ የተሻገረው። ሽመልስ በቀለ ደግሞ በዚያው ሀገር እንደ ፔትሮጄት ባሉ መካከለኛ ክለቦች ለዓመታት በቋሚነት ተሰልፏል። ስሙ በየሳምንቱ በዜና አልተነሳም። ነገር ግን በውጭ ሀገር ረጅም ዕድሜ የቆየ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠቀሰው እርሱ ነው። የክለቡ ስም ትልቅነት እና የተጫዋቹ ዕድገት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ወጣት ተጫዋች የሚያድገው ስሙ በተጻፈበት ማልያ ሳይኾን በተጫወተው ደቂቃ ነው።

የአሌክሳንደር ኢሳክ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ውስጥ የተወለደው ኢሳክ በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ የጀርመኑን ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ተቀላቀለ። በቡንደስሊጋው ግን የተሰለፈው በአምስት ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ አንድም የሊግ ጎል አላስቆጠረም። በዚያ ወቅት «አበቃለት» ብሎ የፈረደ ተመልካች ቢኖር ተሳስቶ ነበር። ኢሳክ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሰት ወደ ኔዘርላንዱ ቪለም ሁለት ሄዶ በ16 የሊግ ጨዋታዎች 13 ጎሎችን አስቆጠረ። ከዚያ በሪያል ሶሴዳድ እና በኒውካስል አድጎ እ.ኤ.አ. በ2025 በብሪታንያ ክብረ ወሰን በኾነ ዋጋ ሊቨርፑልን ተቀላቀለ። አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መጫወቱ መንገዱን ከፈተለት እንጂ አልዘጋበትም።

ተቃራኒውን ደግሞ ፍሬዲ አዱ ያሳያል። ጋና ተወልዶ አሜሪካ ያደገው አዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በ14 ዓመቱ የዲሲ ዩናይትድ ተጫዋች ሲኾን ከፔሌ ጋር ይነጻጸር ነበር። ማስታወቂያው ከእግሩ ቀደመ። በኋላ ወደ ፖርቱጋሉ ቤንፊካ ቢሄድም በብዙ ክለቦች ከመዘዋወር በቀር የተባለለትን ያህል አልኾነም። በልጅ ትከሻ ላይ የሌላ ሰው ዝና ሲጫን ልጁ ራሱን የሚኾንበት ጊዜ ያጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአበው ብሂል ለእግር ኳስም ይሠራል።

ይህ ጉዳይ ለጋይንት፣ ለስማዳ እና ለእስቴ ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአቡበከር ጎል የተደሰተው ታዳጊ በማግሥቱ ከእርሻ ሥራ መልስ ኳስ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ወላጅም ተስፋ ያደርጋል። ተስፋ ባለበት ደግሞ ደላላ አይጠፋም። «ልጅህን ውጭ ሀገር ክለብ አስሞክራለሁ፤ አስቀድመህ ገንዘብ አምጣ» የሚል ሰው ቢመጣ በሬ ሸጦ ከመክፈል በፊት የዓለም አቀፉን እግር ኳስ ማኅበር፣ የፊፋን፣ ደንብ ማወቅ ይገባል። ከጥቂት ልዩ ኹኔታዎች በስተቀር ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የኾነን ተጫዋች ከሀገር ሀገር ማዘዋወር የተከለከለ ነው። በዝውውር የሚደራደር ወኪልም የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የልጅን ዕድሜ ለመቀየር የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ልጁን ለቅጣት፣ ቤተሰቡን ለኪሳራ የሚያዘጋጅ ነው።

ደንቡ ለትንንሽ ከተሞችም የሚያስቀረው ጥቅም አለ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያበቃ በክፍያ ከሀገር ሀገር ሲዘዋወር ከዝውውር ዋጋው አምስት በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ ነው። ስለዚህ እነዚያን አራት ዓመታት ልጁን ያሠለጠነ ክለብ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ዝውውር 10 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ገንዘቡ ግን የሚገኘው ክለቡ ሕጋዊ ከኾነ እና ተጫዋቹ በወቅቱ በእግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ተመዝግቦ ከነበረ ነው። ያልተመዘገበ ታዳጊ ነገ ትልቅ ክለብ ቢገባ ያሳደገው ሜዳ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። የታዳጊዎች ምዝገባ በየወረዳው የስፖርት ሥራ ተራ ወረቀት መስሎ መታየት የሌለበትም ለዚህ ነው።

የደጋ ገበሬ ገብስ በዘራ ማግሥት ማጭድ ይዞ ማሳ አይወርድም፤ ማረሙን፣ ውርጩን እና የዝናቡን ኹኔታ አስቦ ይጠብቃል። መጠበቁ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ማሳውን ይጎበኛል። ከደጋፊው የሚፈለገውም ይኸው ነው። ወጣት ተጫዋች ትልቅ ክለብ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት የተሰለፈበትን ደቂቃ፣ በሁለተኛው በቡድኑ ያገኘውን ቦታ መመልከት፣ ጎሉን ከዚያ በኋላ መቁጠር ሚዛናዊ ያደርጋል። ሲጎዳም እንደተረሳ እንዳይሰማው ስሙን ማንሳት ይገባል።

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ያስቆጠራቸው 29 ጎሎች በፕሪቶሪያ ባለመደገማቸው አልተሰረዙም፤ በሀገሪቱ እግር ኳስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚወጣው ወጣት፣ ከጋይንትም ይሁን ከስማዳ ወይም ከእስቴ፣ የሚሸከመው የራሱን ሻንጣ እንጂ የሀገር ሁሉ ናፍቆት መኾን የለበትም።