ምሳር የበዛበት ዛፍ

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ በግቢያችን አይገኝም። ዳሩ ግን ምሳር ይዘው ከሚሮጡት መካከል እኛም መኖራችንን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ማታ ማታ በመኝታ ቤቶቻችን የሚወራውን ያዳመጠ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አሜሪካ አጎት ወይም አክስት ያለው ተማሪ በዚያ አገር የትኛው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ መደብር ሊዘጋ እንደ ተቃረበ፣ የትኛውም ስልክ ከስንት ወደ ስንት እንደ ወረደ ከትምህርቱ አብልጦ አጥንቶታል። «መደብሩ ሳይዘጋ ቶሎ ብለሽ ግዥልኝ» የሚል መልእክት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

ቅናሽ መፈለግ ነውር ነው ለማለት አልተነሣሁም። የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ በመሞት ላይ ያለ መደብር የሚሰጠው ቅናሽ ስጦታ አይደለም። የጎደለውን ዋጋ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ይከፍለዋል፤ ከከፋዮቹም አንዱ ብዙ ጊዜ ገዢው ራሱ ነው። በግምት የተናገርሁ እንዳይመስል በአሜሪካ የደረሰ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላቅርብ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ራዲዮ ሻክ የሚባለው መደብር የተመሠረተው በ1921 በቦስተን ከተማ ነው። ስሙ የተወሰደው በመርከብ ላይ የራዲዮ መሣሪያ ይቀመጥባት ከነበረችው ትንሽ የእንጨት ክፍል ነው። በ1963 በቴክሳስ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ የነበረው ቻርልስ ታንዲ ገዛው፤ ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹ በሺህ እስኪቆጠሩ ድረስ በአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ። በቤቱ ራዲዮ ለሚገጣጥም ወጣት ሽቦውም፣ መሰኪያውም፣ ትራንዚስተሩም የሚገኘው ከዚያ ነበር። በ1977 ቲ.አር.ኤስ.-80 የተባለውን ኮምፒዩተር አውጥቶ ሸጠ፤ ይህም ተራ ሰው ገዝቶ በቤቱ እንዲጠቀምበት ከተሠሩት የመጀመሪያ ኮምፒዩተሮች አንዱ ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በመጣ ጊዜ የመደብሩ ልብ ወደዚያ አደላ። ከስልክ ኩባንያዎች የሚያገኘው ድርሻ ስላስደሰተው ሽቦውንና መሰኪያውን ወደ ኋላ መደርደሪያ ገፋ። ነገር ግን ሽቦውን የሚሸጥ ጥቂት ሲሆን ስልክ የሚሸጥ ብዙ ነው። የስልክ ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ሱቆች ከፈቱ፤ ሌሎችም ዕቃውን በኢንተርኔት እየሸጡ እስከ ደንበኛው ደጃፍ ያደርሱ ጀመር። በመጋቢት 2014 ራዲዮ ሻክ እስከ 1,100 የሚደርሱ ቅርንጫፎቹን ለመዝጋት ማሰቡን ቢያስታውቅም አበዳሪዎቹ አልፈቀዱለትም። በየካቲት 2015 ከስሬአለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ቅርንጫፎች ስፕሪንት ከሚባለው የስልክ ኩባንያ ጋር ተዳብለው ለጊዜው ተረፉ፤ በመጋቢት 2017 ግን መደብሩ ለሁለተኛ ጊዜ ከሰረ። ቅናሽ አዳኞች በብዛት የተሰማሩት እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ነው።

አሁን የቅናሹን አሠራር እንመልከት። እንዲህ ያለ ትልቅ መደብር ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ሸጦ የሚጨርሰው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ አጣሪ ኩባንያ ነው። የአጣሪው ጥቅም ዕቃው በተቻለው ያህል በውድ ዋጋ፣ በተቻለውም ያህል ፈጥኖ ማለቁ ነው። «መደብሩ ሊዘጋ ነው፤ ሁሉም ይሸጣል» ተብሎ በመስኮቱ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚለጠፈውም ለዚሁ ነው። ቅናሹም ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ትናንት ይሸጥበት ከነበረው ዋጋ ሳይሆን አምራቹ መጀመሪያ ከወሰነው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ ሙሉ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ስልክ ባለፈው ሳምንት በ80 ይሸጥ ነበር እንበል። አጣሪው ሲገባ ዋጋው ወደ 100 ይመለስና «10 በመቶ ተቀንሷል» ተብሎ 90 ይሆናል። ገዢው 10 ዶላር ያተረፈ መስሎት እየተደሰተ 10 ዶላር ከስሮ ይወጣል። ቅናሹ ከሳምንት ወደ ሳምንት አድጎ 50 እና 70 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚመኘው ስልክ አስቀድሞ አልቋል፤ የሚቀረው የስልክ ልባስ፣ ለየትኛው መሣሪያ እንደ ተሠራ የማይታወቅ ገመድና የመደርደሪያው ብረት ነው። በዚያ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከአንድ ወር በኋላ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያንኳኳው በር አያገኝም።

ስልኩን ራሱንም ማየት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ መደብር እጅግ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ስልክ ብዙ ጊዜ ከአንድ የስልክ ኩባንያ ጋር የታሰረ ነው። ኩባንያው ስልኩን ከዋጋው በታች የሚሰጠው በየወሩ ከሚከፈለው የአገልግሎት ሒሳብ ኪሳራውን እንደሚተካ ስለሚያውቅ ነው፤ ስለዚህም በሌላ መረብ እንዳይሠራ ይቆልፈዋል። የተወሰነ ጊዜ ካላገለገለና ሒሳቡ ካልተከፈለ አይፈታለትም። እንዲህ ያለው ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ ሰዓት ያሳያል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የእኛን ሲም ካርድ ሲያስገቡበት ግን ጸጥ ይላል። ከዚያ ባለቤቱ ቁልፉን የሚፈታለት ሰው ፍለጋ በየሱቁ ሲዞር ከአሜሪካ ያተረፈውን እዚህ ይከፍለዋል። የስፕሪንት ስልኮች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። ኩባንያው ይሠራበት የነበረው ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. የተባለው መረብ በብዙ አገር ከተለመደው ከጂ.ኤስ.ኤም. የተለየ ነበር። ስፕሪንት በ2020 ከቲ ሞባይል ጋር ተዋሐደ፤ ያ መረብም በ2022 ተዘጋ። በዚያ መረብ ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ስልኮች ለጥሪ ዛሬ በተሸጡበት አገር እንኳ አያገለግሉም።

ይህ ሁሉ በገዢው ኪስ ላይ የሚደርሰው ነው። ከመደብሩ ወዲያ ማዶ የቆመውስ ሰው? በነሐሴ 2006 ራዲዮ ሻክ በዋና መሥሪያ ቤቱ ከሚሠሩት ሰዎች 400 የሚሆኑትን ያሰናበተው ኢሜይል ልኮ ነው። ሰርኪት ሲቲ የተባለውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በቨርጂኒያ የነበረው ሌላው ትልቅ መደብር ደግሞ በ2007 ወደ 3,400 የሚሆኑ ሻጮችን አሰናበተ። ጥፋታቸው ስንፍና አልነበረም፤ ኩባንያው በዚያ ሥራ ከሚከፈለው በላይ ይከፈላቸዋል ብሎ ነው። በእነርሱ ምትክ በዝቅተኛ ደመወዝ ሌሎች ተቀጠሩ። እንግዲህ ብዙ የሚያገኘው ሻጭ ልምድ ያለው ሻጭ መሆኑን ለመረዳት ኤኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ከሄደ ደንበኛው ስለ ምን ይመጣል? ኩባንያው በኅዳር 2008 ከሰረ፤ በመጋቢት 2009 የቀሩት 567 መደብሮቹ ተዘግተው 34,000 ሠራተኞች ተበተኑ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት «ከዚህ በታች አይቀንስም ወይ?» እያልን የምንነዘንዘው ሻጭ እንግዲህ የራሱን እንጀራ በመቶኛ እየቀነሰ የሚሸጥ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ መስሎ የታየኝ ግን የሚከተለው ነው። ራዲዮ ሻክ ለረጅም ዘመን አንድ ልማድ ነበረው። ሁለት ባትሪ ለመግዛት የገባን ሰው እንኳ ሻጩ ስሙንና አድራሻውን ይጠይቀው ነበር። ደንበኞች እጅግ ስለ ተማረሩ ልማዱ በ2002 ቀረ፤ የተሰበሰበው ግን ተቀምጦ ቆየ፤ ከዚያ በኋላም በሌላ መንገድ እየተጨመረበት ሄደ። መደብሩም የደንበኞቹን ዝርዝር ለማንም እንደማይሸጥ ቃል ገብቶ ነበር። በ2015 ኪሳራው ሲመጣ ከሚሸጡት ንብረቶች መካከል ይኸው ዝርዝር ተገኘ፤ የ117 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ ነው። የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቃወመ፤ የሌሎች ብዙ ክፍላተ አገር ዐቃብያነ ሕግም ተባበሩት፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንም ሥጋቱን በጽሑፍ ገለጠ። በመጨረሻ በስምምነት የክሬዲት ካርድና የስልክ ቁጥሮች እንዳይሸጡ ተደረገ፤ ከቀረውም ከፊሉ ከመደብሩ ስም ጋር ተዳብሎ በ26.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስብበት። ርካሽ ስልክ ለማደን የገባው ሰው እርሱ ራሱ በመደርደሪያው ላይ ነበር። ስሙና አድራሻው ከባትሪውና ከሽቦው ጋር ዋጋ ወጥቶላቸው ለጨረታ ቀርበዋል። አዳኙ ታደነ ማለት ይህ ነው። የገባለት ቃልም የጸናው መደብሩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነበር፤ መደብሩ ሲሞት ቃሉ ከዕዳው ጋር ለአጣሪ ተላለፈ።

«አንተ በአርትስ ፋኩልቲ ተቀምጠህ ትሰብካለህ፤ እኔ ግን መምህሩ በቴሌግራም የላከውን ማስታወሻ የማነብበት ስልክ የለኝም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ስልክ ዛሬ ለተማሪ እንደ ደብተር ሆኗል፤ ያለ እርሱ ተማር ማለት ያለ ብዕር ጻፍ እንደ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ገዛሁም አልገዛሁም መደብሩ መዘጋቱ አይቀር» ይለኛል። ይህም እውነት ነው። አንድ ስልክ ባለመግዛት ያን መደብር ማንም አያድነውም፤ ሻጩንም ወደ ሥራው አይመልሰውም። እኔም ማንም ሰው በገዛው ስልክ እንዲያፍር አልፈልግም።

የምቃወመው «ስንት ነው?» ብለን ብቻ መጠየቅ መልመዳችንን ነው። የተማረ ሰው ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? ስልኩ ከየትኛውም ኩባንያ ያልታሰረ ነው ወይስ የተቆለፈ? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? የአምራቹስ ዋስትና እኛ ባለንበት አገር ይሠራል? አክስታችን በቀን ሁለት ሥራ ሠርታ ከምታርፍባት ሰዓት ላይ ቆርሳ መደብር ለመደብር ስትዞር ያ ሰዓት ዋጋ የለውም ወይ? ይህን ሁሉ ደምሮ አሁንም ርካሽ ሆኖ ያገኘው ሰው ይግዛ፤ በጤና ይጠቀምበት። ብዙዎቻችን ግን ደምረን ብናየው መርካቶ ዋስትና ካለው ነጋዴ የምንገዛው መጠነኛ ስልክ ሳይሻል የሚቀር አይመስለኝም።

ስለ ስማችንም እንዲሁ። በከተማችን አንድ ዕቃ ለመግዛት፣ አንድ ዕጣ ውስጥ ለመግባት፣ አንድ የስልክ መተግበሪያ ለመክፈት ስማችንን፣ ቁጥራችንን፣ አንዳንድ ጊዜም መታወቂያችንን ሳናቅማማ እንሰጣለን። በአገራችን በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የራሱን ስም ዋጋ የማያውቅን ሰው አዋጅ ብቻውን አይጠብቀውም። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን አዋጁን በሚገባን ቋንቋ በዚሁ መጽሔት ቢያብራሩልን ለብዙዎቻችን ታላቅ ውለታ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን ሻጩ ስማችሁን ሲጠይቃችሁ እናንተም «ለምን ይፈለጋል? እናንተ ስትዘጉስ ለማን ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ የስልኩን ዋጋ ገና አልነገራችሁም ማለት ነው።